«አልሰማኋችሁም!» የሚለው ማን ነው?

ዘማሪው መድረክ ላይ ቆሞ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ ያዞርና «አልሰማኋችሁም!» ይላል። ሕዝቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀበላል። «አሁንም አልሰማኋችሁም! ሞቅ አድርጉት እንጂ!» ሕዝቡ ይጮኻል። በሦስተኛው ዘማሪው ፈገግ ይልና «አሁን ገና!» ብሎ ወደ መዝሙሩ ይመለሳል። ይህን ያላየ የከተማ ሰው መቼም አይኖርም። በኦርቶዶክሱ የሠርክ ጉባኤ አለ፤ በወንጌላውያኑ አዳራሽ አለ፤ በየእጃችን በያዝነው ስልክማ ሌት ተቀን አለ። በዘማሪው ፋንታ የቆመው ሰባኪ ከሆነ የሚጠይቀው «አሜን» ነው። አሜኑ አነስ ካለበት ይቆጣል። «ምነው፣ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ?» ያለ ሰባኪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያውም በጾም።

እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። መዝሙር ሰሚ አለው። ሰሚውም እግዚአብሔር ነው። ዘማሪው፣ ሰባኪው፣ ቄሱ፣ እኔና አንባቢዬ ሁላችንም በአንድ ወገን የቆምን አቤት ባዮች ነን። ታዲያ ከአቤት ባዮቹ አንዱ ከመካከል ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ በዳኛው ወንበር ቁጭ ብሎ «ድምፃችሁ አልተሰማኝም» ሲለን ምን ማለቱ ነው? ቀልድ ነው፣ ጉባኤው እንዲደምቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ሰው ሳያስበው የሚወረውረው ቃል ልቡ የት እንዳለ ያሳብቅበታል ባይ ነኝ።

«አልሰማችሁም» ለማለት መብት ያለው አንዱ ብቻ ነው። እሱም ብሎት ያውቃል። በትንቢተ ኢሳይያስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ እግዚአብሔር ጸሎት ብታበዙም እንኳ አልሰማም ያለው ሕዝብ ድምፁ ያነሰ ሕዝብ አልነበረም። እጁ ደም የነካ፣ ለድኻ አደጉ ያልፈረደ፣ ለመበለቲቱ ያልተሟገተ ሕዝብ ነበር። አሞጽም በበኩሉ የተላከው መሥዋዕቱና ዝማሬው ለሞላለት ሕዝብ ነው፤ የጎደለው ፍርድ ነበር እንጂ መሰንቆ አልነበረም። እግዚአብሔር ድምፅ አነሰብኝ ብሎ የተቆጣበትን ምዕራፍ ፈልጌ አላገኘሁም። እንዲያውም የተገላቢጦሹን ነው ያገኘሁት። የሳሙኤል እናት ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ ቆማ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ሰክራለች ብሎ የተቆጣት ካህኑ ዔሊ ነው። ልመናዋን የሰማት ደግሞ እግዚአብሔር ነው። ድምፁ ያልተሰማው ማን እንደ ነበረ ልብ ይሏል!

ነገር እንዳይምታታ አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የከበሮ ጠላት አይደለሁም። እልልታም ጭብጨባም እወዳለሁ። በጥምቀት ዕለት ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽላቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ልቡ የማይነካ ሰው ካለ ሐኪም ይየው። ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘሏል፤ በመስኮት ሆና የናቀችውን ሜልኮልን መጽሐፉ አላመሰገናትም። ዳሩ ግን ዳዊት የዘለለው በታቦቱ ፊት ነው። ጠቤ ከድምፁ መጠን ጋር ሳይሆን ከፊታችን አቅጣጫ ጋር ነው። ደግሞም ይህን ጽሑፍ ኦርቶዶክሱ ፕሮቴስታንቱን፣ ፕሮቴስታንቱ ኦርቶዶክሱን ሊወጋበት የሚያነሣው ካለ ከወዲሁ ያስቀምጠው። በሽታው የጋራችን ነው።

ያደግሁበትን ቤት ስለማውቀው ከእሱ ልጀምር። አባቶቻችን አምልኮ ፊቱ ወዴት እንደ ሆነ በድንጋይና በእንጨት ጽፈውታል። ቤተ ክርስቲያኑ በሦስት ይከፈላል፤ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የሚገባው ሰው እያነሰ፣ የሚታየውም ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። በመቅደሱ በር መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ታቦቱ አለ፤ ታቦቱን ምእመን አያየውም። ጥምቀት ሲደርስ በካህን ራስ ሆኖ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ ያን ጊዜም ተጎናጽፎ ተሸፍኖ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ተከትሎት ሲሄድ የሚያየው ግምጃውን ብቻ ነው። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከት ያዛል፤ ቄሱም ሕዝቡም የሚያዩት ወደ አንድ ወገን ነው። ቄሱ ጀርባውን የሰጠን ንቆን አይደለም፤ ከፊታችን ቀድሞ ስለ ቆመ ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የከበረው ነገር ከሁሉ ይልቅ የተሸፈነው ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ነው ካሜራው የገባው። ካሜራ ምሥራቅ የለውም። የካሜራ ምሥራቁ የሰው ፊት ነው። ስለዚህ ካሜራ ያዡ የግድ ጀርባውን ለመቅደሱ ሰጥቶ ይቆማል፤ ቀስ በቀስም ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። አንድ ጊዜ በበዓለ ንግሥ ላይ ዳር ይዤ ስመለከት ካሜራው ወደ መዘምራኑ ሲመጣ ሰልፉ ይስተካከላል፣ ድምፁ ይጎላል፣ ዓይን ይከደናል፣ እጅ ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ካሜራው ሲያልፍ ዓይኑ ይገለጥና ያቋረጡት ጨዋታ ይቀጥላል። ልጆቹን አልነቅፍም። ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ለሚያየው መልበሱ አይቀርም፤ ሠርጋችን ላይ ሁላችንም አድርገነዋል። የምነቅፈው አምልኮን እንደ ሠርግ ቪዲዮ ያደራጁትን ነው።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን «ቅርስ» የሚለው ቃል ከኋላው ጎብኚን አስከትሎ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ስለ በዓሉ በተወራ ቁጥር ለቱሪዝም ያለው ፋይዳ አብሮ ይነሣል። በባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሌሊቱን በብርድ የሚያድሩት እናት ጌታ ወደ ዮርዳኖስ የወረደበትን ሌሊት አስበው ነው የሚያድሩት እንጂ የሆቴል አልጋ ለማስያዝ አይደለም። ጎብኚው ይምጣ፤ እንግዳ መቀበል ወጋችን ነው። ለእሱ ስንል ግን የቆምንበትን ቦታ አንለውጥ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ የለም። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ግን እናንቀላፋለን መሰለኝ። ትውፊታችን እንደሚነግረን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት በአክሱም ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡም ያሬድም ዜማው እስኪያበቃ አላወቁም። ይህን ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ እናየዋለን፤ ለልጆቻችንም እንተርከዋለን። ቀጥሎስ ምን ሆነ? ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ ወርቅ አልጠየቀም፣ ሹመትም አልጠየቀም። አሰናብተኝ አለ። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በምናኔ ኖረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። እንግዲህ አስቡት፤ ንጉሥ ራሱን እስኪስት ድረስ ባደመጠው ማግሥት መድረኩን ጥሎ የሄደ ዘማሪ ነው የዜማችን አባት! እኔ እንደሚመስለኝ ያሬድን ያስደነገጠው በእግሩ ላይ የተተከለው ጦር አይደለም፤ በእሱ ላይ የተተከለው የንጉሡ ዓይን ነው። የዛሬው ዘማሪ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ቪዲዮው በአንድ ሌሊት ስንት ሰው እንዳየው ነበር የሚነገረን፤ ከዚያም «ሰብስክራይብ አድርጉ» ይከተላል።

እንዲህ ያለው ፍርሃት የእኛ አባቶች ብቻ አልነበረም። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ ላይ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ራሱ ልቡን የነካው ጊዜ እንደ በደለ እንደሚቆጥረው ጽፏል። በልቡ ያለውን ልዩነት እስከዚያ ድረስ ይመዝን ነበር።

ድሮ ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ድሮን አያውቀውም። ለእግዚአብሔር የተባለው ቅኔ ዞሮ ከፊት ለተቀመጠው ሹም ሲዘረፍ ስንት ዘመን ኖሯል! ድምፁን እያስረዘመ ዓይኑን ወደ ሴቶቹ ወገን የሚልክ ደብተራ በየጨዋታው የምንስቅበት በከንቱ አይደለም። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ይታማ ነበር፤ ሰው ይሥቅበት ነበር። ዛሬ የሚሥቅ ጠፋ። የመድረክ አያያዝ እየተባለ ይመሰገንበታል።

ሌላም ልዩነት አለ። በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ላይ ሥዕሉን ያሣለውን ሰው ፈልጉት። ታገኙታላችሁ፤ ስሙም ተጽፏል። ግን የት? ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ሰውነቱ አንሶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ባለጠጋ ነው፤ አንዳንዴም ንጉሥ ወይም የአገር ገዥ ነው። ሠዓሊው ግን ቦታውን አሳይቶታል። እሱም አልተቆጣም፤ ከፍሎ ነው ያሠራው! የዛሬውን ለጋሽ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በተሰቀለው ሸራ ላይ እዩት። ቀና ብሎ፣ ከረባት አስሮ፣ ፊቱ ከመልአኩ ፊት እኩል ሆኖ ታትሟል። በአዳራሾቹ በኩል ደግሞ መልአኩም ቀርቶ ሸራውን የሞላው የአገልጋዩ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ከሥሩ «ነቢይ»፣ «ሐዋርያ» የሚል ማዕረግ ተጽፏል።

ይህ ነገር በተለይ በሕንፃ ማሠሪያ ጉባኤ ላይ ይብሳል። ስብከቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሆንና ጨረታው ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ጃንጥላ ይቀርባል፣ ሥዕል ይቀርባል። «10 ሺህ አሉ! እልል በሉላቸው! ማን ነው 20 የሚለው? እንዲህ ያለ በረከት ለሰው አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ?» ስም ይጠራል፤ የመሥሪያ ቤት ስም፣ የሱቅ ስም ሳይቀር ይጠራል። ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሠራችውን እንዳታውቅ የታዘዘበት ወንጌል በዚያው ማይክራፎን ጠዋት ተነብቧል። ከኋላ አንዲት አሮጊት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የቋጠሯትን ብር አውጥተው በሙዳየ ምጽዋቱ ያኖራሉ። ማንም አያያቸውም። እርግጥ ነው፣ ክርስቶስ በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነበር ያያት፤ ስለዚህ አሮጊቷ አልተጎዱም። የተጎዳነው ስም ሲጠራ እልል ያልነው ነን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የቅጽሩ ነገር ነው። የአገራችን ክርስቲያን ልማድ ይታወቃል። ብዙው ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ንጹሕ አይደለሁም የሚል፣ ከሰው ጋር የተጣላ፣ ልቡ የከበደው፣ ወይም ወደ ሥራ የሚቸኩል ሰው ከደጁ ቆሞ፣ ዛፍ ተጠግቶ፣ ወይም ግንቡን በግንባሩ ነክቶ ከፈጣሪው ጋር ይነጋገራል። ለትዳሩ ያልተናገረውን፣ ለንስሐ አባቱ ያፈረውን እዚያ ያራግፋል። በዚህ ከተማ ውስጥ ድኻ ሰው ብቻውን የሚሆንበት ቦታ የለም፤ ቤቱ አንድ ክፍል ናት፣ ግድግዳው ጭቃ ወይም ቆርቆሮ ነው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የሚለው ከወዲህ ሆኖ ነው። ብቻውን የሚሆንባት አንዲት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ነበረች። ሐና ይህ ነበር ቦታዋ።

ዛሬ በዚያው ዛፍ ላይ አራት ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ቅዳሴ የለም፣ ስብከት የለም፤ ከካሴት የተቀዳ መዝሙር ወይም ያለፈው ዓመት ስብከት ይጮኻል። ሰው ከንፈሩን ሊያንቀሳቅስ ሲል የሌላ ሰው ድምፅ ልቡ ውስጥ ይገባል። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ የታመመ ተኝቷል፣ የወለደች ተኝታለች፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ አለ። ከወዲያ ማዶ ያለው አዳራሽም ሌሊቱን አዳር ጸሎት ይዞ የበኩሉን ይለቃል፤ መስጊዱም አለ። «እነሱ ሲያሰሙ እኛ ለምን እናንሳለን?» የሚል መልስ ከአንድ የሰበካ ጉባኤ ሰው ሰምቻለሁ። ይህ መልስ ለማን እንደሚጮኽ ሳያውቅ ቁልጭ አድርጎ ነገረኝ፤ ጩኸቱ ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለጎረቤት ነው።

አሁን ልጽፈው የምሄደውን ነገር የቱ ቤተ እምነት ውስጥ እንደ ሆነ አልናገርም። በሁለቱም ወገን ያለ ነው። በሰፈራችን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ድንገት የሚጥል ሕመም ጀመራት። እናቷ ሐኪም ቤትም ወሰዷት፣ ጸሎትም ፈለጉ፤ ሁለቱንም ማድረጋቸው ደግ ነው። ወደ አንድ ዝነኛ አገልጋይ ዘንድ ወሰዷት። ልጅቷ በዚያ ሕዝብ መካከል ወደቀች። ማይክራፎን ወደ አፏ ተጠጋ፤ ካሜራውም ተከትሎ መጣ። ቃለ መጠይቁ ተጀመረ። «ስምህ ማን ነው? መቼ ገባህባት? ማን ላከህ?» ልጅቷ ጮኸች፣ ተንፈራገጠች፣ ልብሷ ተገለጠ፣ የአክስቷን ስም ጠራች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እኔ የጋዜጠኝነት ትምህርት ስማር ከሁሉ አስቀድሞ ምንጭህን መርምር ነው የተባልሁት። የሐሰት አባት የተባለውን ምንጭ አድርጎ፣ እሱ የተናገረውን እንደ እውነት ተቀብሎ ዜና የሚሠራ ሰው የማየው በዚህ ሥፍራ ብቻ ነው። አክስቷም እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ ተቆራርጣለች።

ቪዲዮው በሳምንቱ ወጣ። ርእሱን አልደግመውም። ሰኞ ጠዋት የክፍሏ ልጆች አዩት። በዕረፍት ሰዓት አንዱ እንደ እሷ መሬት ላይ ተንፈራገጠ፤ ሌሎቹም ሣቁ። ማክሰኞ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። እናቷን ያገኘኋቸው ከዚያ ወር በኋላ ነው። «እንዴት ነች ልጅቷ፣ እትዬ?» አልኋቸው። «ልጄ፣ እኔ ለእግዚአብሔር የነገርሁትን አገር ሰማው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

አንባቢዬ ወንጌሉን ገልጦ የኢያኢሮስን ልጅ ታሪክ ያንብብ። እሷም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ክርስቶስ ከቤቱ ሲደርስ የሚያለቅሰውንና የሚያውካውን ሕዝብ በሙሉ አስወጣ። አባቷንና እናቷን፣ ሦስቱንም ደቀ መዛሙርት ብቻ አስገብቶ እጇን ያዛት። ከተነሣች በኋላም ይህን ማንም እንዳያውቅ አጥብቆ አዘዛቸው፤ የምትበላውን እንዲሰጧት ነገራቸው። ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚገባ ተአምር ቢኖር ይህ ነበር። ለተአምሩ ሳይሆን ለልጅቷ ራት አሰበ። የኛ ተአምረኞች ከዚህ ታሪክ ውስጥ የትኛውን አንቀጽ እንደሚከተሉ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ የሚሰጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው መልስ «ወጣቱ ካልደመቀ አይመጣም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉኝ ወንጌላውያን ከሆኑ የራሳቸውን ታሪክ ላስታውሳቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ ምእመናን ነበሯት። መሪዎቿ ታሰሩ፣ ንብረቷ ተወረሰ። ምእመናኑ በየቤቱ፣ በር ዘግተው፣ የቀበሌ ጆሮ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ማጉያ አልነበራቸውም፣ መድረክ አልነበራቸውም፣ «አልሰማኋችሁም» የሚል ዘማሪም አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ሰው የሰማቸው እንደ ሆነ ወህኒ ነበር የሚወርዱት። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ደግሞ ድጓን ያስተዋቸዋል እንዴ? በጎንደር ጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሄደ ወጣት ስንት ዓመት በቆሎ ተማሪነት፣ በልመና እህል፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተ ይማር እንደ ነበር የቤተ ክህነት ሰው ይመስክር። ያም ወጣት ነበር። ያመጣው ድምቀት አልነበረም።

ሁለተኛው መልስ «ካሜራው ላልቻለ ሰው ይጠቅማል» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ ሰው በትንሣኤ ሌሊት እንኳ እቤቱ ሆኖ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ሲከታተል ያን ምስል የናቀ አልነበረም። አልጋ ላይ ላለ ሕመምተኛ፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ቤተ ክርስቲያን ለማታገኝ እኅታችን ያ ስልክ ደጀ ሰላሟ ነው። ለእሷ ሲባል አንድ ካሜራ፣ ከኋላ፣ በአንድ ቦታ ተተክሎ ወደ ምሥራቅ ያሳያት። እኛ ወደ ምናይበት ያሳያት። በየካህኑ ፊት የሚሽከረከረው፣ የሚያለቅስ ሰው ሲያገኝ እንባው እስኪታይ የሚያቀርበው ካሜራ ግን ለእሷ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ ገንዘብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለ ገንዘብ አትቆምም። አዎን፣ አትቆምም። እንግዲያስ ምእመን የሰጠውን ገንዘብ ዝርዝር ይጠይቅ። ለአንድ ጉባኤ ለመድረክ፣ ለድምፅ መሣሪያ ኪራይ፣ ለሸራ ኅትመት፣ ለቪዲዮ ቀረጻ የወጣው ስንት ነው? ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቆመው ላደሩት መሪጌታ የወር ደመወዛቸው ስንት ነው? ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን በአንድ ወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ የሚለጥፍ ሰበካ ጉባኤ ቢኖር ከዚያ ቀጥሎ እኔ የምጽፈው አይኖርም። በአዳራሾቹ በኩልም «ነቢዩ» የሚጓዙበት መኪና ከየት እንደ ተገዛ የሚጠይቅ ሽማግሌ ይነሣ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በቅዳሴ ሰዓት ከድንኳኑም ከዛፉም ላይ ያለው ማጉያ ይውረድ፤ ድምፁ ከቅጽሩ አይለፍ። የሰጠ ሰው ስሙ አይጠራ፤ ደረሰኙን ይቀበል። ዘማሪ የሚያዘምር እንጂ የሚያስጨበጭብ አይሁን፤ ከቻለ ፊቱን ሕዝቡ ወደሚያይበት ያዙር። እነዚህ ቀስ ብለው ቢሆኑም እታገሣለሁ። የማልታገሠው አንድ ነገር ነው። የታመሙ ሰዎችን፣ በተለይም የሕፃናትን፣ ሲወድቁና ሲጮኹ የተቀረጸ ምስል ያወጣ ቤት ሁሉ፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ዛሬውኑ ያንሣ። የልጅቷ እናት እንዲነሣላቸው ሁለት ጊዜ ሄደው ለምነዋል። በመጀመሪያው ጊዜ አገልጋዩ በሱባዔ ላይ ናቸው ተባሉ። በሁለተኛው ጊዜ ቪዲዮው ምስክርነት እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰውም እየተባረከበት እንደሚገኝ ተነገራቸው።